ቢሻው ከቢሻው ጋር የታረቀ ዕለት

ከዘንገና ሐይቅ በላይ፣ የቀርከሃው ደን አብቅቶ እርሻው በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ፣ ቢሻው የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ጥንድ በሬ፣ አንዲት ባዝራ፣ ገብስና ድንች የሚያበቅል መሬት ነበረው፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ሹመት የለው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት አልተማረ፣ ድምፁም እንደ ሌሎቹ የአገር ሽማግሎች አይጎላ። ሆኖም ድንበር የተገፋበት፣ ከብት እህሉን የበላበት፣ ጎረቤቱ የውሃ መውረጃ ቦዩን ያጣመመበት ሁሉ ጋቢውን ደርቦ የሚገሰግሰው ወደ ቢሻው ደጅ ነበር።

ሽምግልናው የራሱ ወግ ነበረው። መጀመሪያ ባለጋራዎቹን በአገውኛ ያናግራቸዋል። ያሻቸውን ይሳደቡ፣ ያሻቸውን ይማሉ፣ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል። የሆዳቸውን ዘርግፈው ሲጨርሱ፣ «አሁን ያንኑ በአማርኛ ድገሙልኝ» ይላቸዋል። በአፍ መፍቻው ቋንቋ እንደ እሳት ሲንቦገቦግ የነበረው ሰው በአማርኛ ቃል ሲፈልግ፣ ሲያርም፣ ሲንተባተብ ንዴቱ ግማሽ በግማሽ ይበርድለታል። ያን ጊዜ ቢሻው ጥፋተኛውን ይለይና በተሰበሰበው ሰው ፊት አቁሞ አንዲት ቃል ያስብለዋል፤ «አጥፍቻለሁ» የምትል። ካሣው፣ ምርቃቱ፣ ጠላው ሁሉ የሚመጣው ከዚያች ቃል በኋላ ነው። ያቺ ቃል ካልተባለች ቢሻው ከመቀመጫው አይነሳም።

ሁልጊዜ ቀናው ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ድንበር አልፎ በበቀለ ቀርከሃ ተጣልተው መጡ። ሥሩ በታላቅየው መሬት፣ ቡቃያው በታናሽየው መሬት ነው። ቢሻው ሦስት እሑድ ሲያሸማግላቸው ከርሞ በመጨረሻ መሬቱን አቀያየራቸው። በዓመቱ ቀርከሃው ዞሮ ወደ መጣበት በቀለ። ወንድማማቾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡና አሁን የሚከሱት ቀርከሃውን ራሱን እንደሆነ ነገሩት። ቢሻው ይህንንም አልናቀም። ሄዶ አየና ቀርከሃው እንዲቆረጥ፣ የተቆረጠውም ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር እንዲሆን ፈረደ።

እንዲህ ሲል ሠላሳ ዓመት ኖረ። በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን ነገር በራሱ ላይ መጣበት።

ማክሰኞ ነው። እንጅባራ አጠገብ አንዲት ፈረስ የሰው ባቄላ ገብታ ስለ ጨረሰች ቢሻው ለሽምግልና ተጠርቷል። ረፍዶበት ስለነበር ወይኖ የሚባለውን በሬውን ከደጁ ጉቶ ላይ ጠለፍ አድርጎ አሰረው። ገመዱ መሐሉ ላይ ሳስቶ ነበር፤ አይቶታል። «ስመለስ እቀይረዋለሁ» አለና ሄደ።

እንጅባራም ደርሶ ቀኑን ሙሉ የፈረሷን ባለቤት ሲገስጽ ዋለ። «የሳሳ ገመድ ገመድ ነው ትላለህ? ከብቱን በሳሳ ገመድ ያሰረ ሰው ጭራሽ ካላሰረ ሰው ይብሳል፤ ያላሰረው ቢያንስ ዘወር ብሎ ያያል!» አለው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» አለ። ቢሻው በጣም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ደጁ ላይ ጎረቤቱ ዋጋዬ ቆማ ጠበቀችው። ዋጋዬ ባሏ ከሞተ ጀምሮ መሬቷን በወገን እርዳታ እያሳረሰች፣ አረሙንና አጨዳውን በራሷ ክንድ የምትወጣ፣ ቁጥብ ሴት ናት።

«ምነው እህቴ ዋጋዬ፣ በደህና?»

«ሽማግሌ ፈልጌ ነው አያ ቢሻው።»

«ከማን ተጣላሽ?»

«ከርስዎ።»

ቢሻው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ወይኖ ገብሴ ውስጥ ሲግጥ ውሎ አሁን ነው ያወጣሁት» አለች። «ከላይኛው ጥግ እስከ ትልቁ ድንጋይ ድረስ አንድ ዛላ የቆመ የለም። ሊያሽት ሳምንት ሲቀረው!»

ቢሻው ወደ ጉቶው ዞር ብሎ አየ። ከገመዱ ክንድ የምታህል ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ፊቱን መለስ አደረገና፣ «ይህማ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጋል። ቄስ ደሴን ጥሪ» አላት።

«ቄስ ደሴ የነፍስ አባትዎ ናቸው፤ ያደሉልዎታል።»

«አዝመራውስ?»

«አያ አዝመራው በቦይ ነገር ከርስዎ ጋር ከተኮራረፉ ሁለት ዓመታቸው። እሳቸው ደግሞ ያደሉብዎታል። እኔ ማንም እንዲያዳላ አልሻም። በዚህ አገር ለማንም ሳያዳላ ይፈርዳል ሲባል የምሰማው አንድ ሰው ነው። እሱም እርስዎ ነዎት።»

ቢሻው ይህን ሲሰማ ደረቱ ሞቅ አለው። እንቢ ማለት ነበረበት። እሱ ግን ጢሙን ዳሰስ አድርጎ «እሺ፣ ለእግዜር ስል እቀመጣለሁ» አለ። ዋጋዬም ቄስ ደሴና አዝመራው በታዛቢነት እንዲገኙ ጠየቀች፤ አንዱ ወዲህ ቢጎትት ሌላው ወዲያ እንዲመልስ።

ሚስቱ ይታይሽ ወሬውን ስትሰማ ወንፊቷን አስቀመጠችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ?» አለችው።

በማግስቱ አራቱም ጉዳቱን ሊገምቱ ማሳው ላይ ወረዱ። ቢሻው እንደ ልማዱ ዱላውን እየተከለ በእርምጃ ለካ። የተበላውን ከተረገጠው ለየ፣ የተረገጠውን ሊነሳ የሚችለውንና የማይነሳውን ለየ። እስከዚያ ድረስ ፍጹም ሽማግሌ ነበር። ወደ ታችኛው ጥግ ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየና «ይህኛው ኮቴ የወይኖ አይመስለኝም» አለ።

አዝመራው ቀና አለ። «አሁን የተናገረው ማነው? ሽማግሌው ነው ወይስ ባለበሬው?»

ቢሻው አሰበበት። ጥያቄው እውነት ነው። «ባለበሬው ነው» አለ።

«እንግዲያ ባለበሬው ከማሳው ይውጣልን፤ ግምት የሽማግሌ ሥራ ነው» አለ አዝመራው።

ቢሻው ተስማማ። ዱላውን አንስቶ ከማሳው ወጣ፣ በአጥሩ ዙሪያ ሄዶ በላይኛው መግቢያ እንደገና ገባና ኮቴው የወይኖ መሆኑን ፈረደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ኮሶ ሥር ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ስለማይታወቅ በፈረስ የመጣም ነበር። ቢሻው በሽማግሌው መቀመጫ፣ በዛፉ ሥር ላይ ተቀመጠ። ዋጋዬ በቀኝ ቆመች። በግራ በኩል፣ ተከሳሽ በሚቆምበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ፣ ማንም አልነበረም።

«ተከሳሽ ቅረብ!» አለ ቢሻው። ተነሣና ሄዶ ቀረበ።

ዋጋዬ የደረሰባትን ባጭሩ ተናገረች። ቢሻው ወደ መቀመጫው ተመልሶ፣ «ተከሳሽ ምን ትላለህ? በአገውኛ ጀምር» አለና ወደ ድንጋዩ ተሻገረ። እዚያ ሲቆም አንድ ነገር ሆነበት። እንዲህ ብዬ እናገራለሁ ብሎ አስቦት አያውቅም፤ ነገሩ ግን በአገውኛ ከአንደበቱ ይወርድ ጀመር። የዋጋዬ አጥር ልል እንደሆነ፣ ገብሱ ድንበሩ ድረስ ተጠግቶ መዘራቱ በሬን ለመፈታተን እንደሆነ፣ ወይኖ ደግሞ ከጥጃነቱ ጀምሮ ጨዋ እንደነበር አንድ በአንድ አስረዳ። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ በመገረም ያጉረመርማል።

ሽማግሌው «በአማርኛ ድገመው» አለ። ተከሳሹ ደገመው። ችግሩ ሠላሳ ዓመት ሲያሸማግል አማርኛው በጣም ጠርቶ ስለነበር ንዴቱ ቅንጣት አልበረደም። እንዲያውም ባሰበት።

ቢሻው ወደ ዛፉ ሥር ተመልሶ ተቀመጠና የሰማውን አመዛዘነ። የዋጋዬን አጥር ረቡዕ ዕለት ሲዞረው በዓይኑ አይቶታል፤ ደህና አጥር ነው። ደሙ ፈላ። «ዋሽተሃል!» ብሎ በባዶው ድንጋይ ላይ ጮኸ። «አንተን የመሰለ ሰው፣ ጠጉርህ ሸብቶ፣ በዚች ሴት ላይ ትዋሻለህ? በል ዋስ ጥራ!»

ድንጋዩ ጋ ሄደና «ዋሴ ሚስቴ ይታይሽ ናት» አለ።

ቄስ ደሴ ጣልቃ ገቡ። «ቢሻው፣ ይታይሽ እኮ የሽማግሌውም ሚስት ናት። የዳኛ ሚስት ለተከሳሽ ዋስ መሆን አትችልም።»

«እኔስ መቼ እሺ አልኩት!» አለች ይታይሽ ከሴቶቹ መሐል።

በዚህ ጊዜ ተከሳሹ ቢሻው ዱላውን መሬት ላይ መታና፣ «ይህን ሽማግሌ አልቀበልም» አለ። «ቂም ይዞብኛል። ገና ዋስ ሳልጠራ ነው የፈረደብኝ!»

ሽማግሌውን አልቀበልም ማለት በዚያ አገር ከባድ ነገር ነው፤ ቢሻውን አልቀበልም ያለ ደግሞ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቄስ ደሴ ሁለቱን ቢሻዎች ለማስታረቅ ጉዳዩን ለሳምንት ቀጠሩት።

ሳምንቱን ሙሉ ወሬው ከእንጅባራ እስከ አዲስ ቅዳም ተዳረሰ። አገሩም ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እውነቱን ነው፣ ሽማግሌው አበዛው፤ ለራሱ ሲሆን ለምን ይጨክናል?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ባለበሬው ድሮም ደረቅ ነው፣ እናውቀዋለን» ይላል። ስለ ገብሱ የሚያነሳ ጠፋ። በሁለተኛው እሑድ ዋጋዬ ከኮሶው ሥር ስትደርስ የምትቆምበት ቦታ በሰው ተይዞ አገኘችው። ከዳር ተቀመጠችና እንዝርቷን አውጥታ ትፈትል ጀመር።

ቄስ ደሴ መስቀላቸውን ይዘው ከዛፉና ከድንጋዩ መካከል ቆሙ። ቢሻው ሲመላለስ እሳቸውም ከቢሻው ጋር ፊታቸውን ሲያዞሩ አንገታቸው ደከመ። «እንግዲህ ሽማግሌው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ባለበሬውም ትንሽ ቀና ይበል…» ሲሉ ከሰዉ መሐል ግርግር ተነሣ። የባለበሬው ደጋፊ የሆነ አንድ የአዲስ ቅዳም ሰው፣ የሽማግሌው ደጋፊ ከሆነ አንድ ፈረሰኛ ጋር ቃል ተለዋወጠና ፈረሰኛው በአለንጋው ትከሻውን ሸነቆጠው። ሰዎች ተንጋግተው ገላገሏቸው። የተመታውም ሰው ሌላ ምንም ሳያስብ፣ «አያ ቢሻው፣ አሸማግሉን!» ብሎ ጮኸ።

ቢሻው ይህን ሲሰማ መድኃኒት ያገኘ ሕመምተኛ መሰለ። ተቀመጠ፣ ሁለቱን አቆመ፣ በአገውኛ አናዘዛቸው፣ በአማርኛ አስደገማቸው። አንዲት እንጎቻ እንኳ በማትበስልበት ጊዜ ውስጥ ነገሩን ከፈጸመ በኋላ ወደ ፈረሰኛው ዞሮ፣ «በል፣ ቃሏን በላት» አለው።

ፈረሰኛው ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው። ዓይኑን ወደ ሰዉ ላከ፣ መለሰ፣ ወደ መሬት አደረገ። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። ጆሮው ሥር ድረስ ቀላ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ጊዜ ተዘጋ። «አጥፍቻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከወገቡ ሥር የመጣ እስኪመስል።

ቢሻው ይህችን ቃል ስንቱን ሰው እንዳስባለ አይቆጥረውም። የሚናገራትን ሰው ፊት ግን ከዚያ ቀን በፊት አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ጆሮው ብቻ ነው የሚጠብቃት። ባዶው ድንጋይ ላይ አፈጠጠ። እዚያ ቆሞ በተከራከረበት ጊዜ የገብሱ ካሣ ከብዶት እንዳልነበረ ገባው። ይህ ፊት ነበር የከበደው። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና ማንንም ሳያሰናብት ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ይታይሽ እራት አቀረበች። አንድ እንጀራ አወጣችና ወጡን ሳትጨልፍ ቆም አለች።

«የትኛው ነው የሚበላው?»

«ተይኝ እስቲ።»

«አልተውህም። እኔ ሁለት ባል አላገባሁም። ቀን ስትጣሉ ውላችሁ ማታ ለሁለታችሁ ወጥ የምጨልፈው እኔ ነኝ? ያቺ ሴት ገብሷ ተበልቶ ሁለት እሑድ ሥራዋን ፈትታ ቆመች። ምን አገኘች? አንተን በሁለት ስታይህ ዋለች።»

ቢሻው እንጀራውን ወደ ራሱ ሳበ። በላ፤ የትኛው እንደበላ ግን አልተናገረም።

አርብ ጠዋት ለማንም ሳይነግር ከቤቱ ወጣና ድንጋይ መረጠ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መሄዱ የአገሩ ደንብ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ደግሞ ሽማግሌው ነው። ቢሻው ለሰብል ጥፋት ጉልቻ የሚያህል ድንጋይ ነበር የሚያዝዘው። ጉልቻ የሚያህለውን አንስቶ ማጅራቱ ላይ ሲያደርገው ዓይኑ ጭልም አለበት። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም። ሊቀንሰው አሰበ፣ አፈረ፣ እንዲሁ ተሸክሞት ሄደ።

ዋጋዬ መንገድ ዳር ባለው ማሳዋ ድንች ስትቆፍር አገኛት። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እህቴ ዋጋዬ» አለ፤ አንገቱ ስለ ተደፋ የሚያየው እግሯን ብቻ ነው። ጉሮሮው ያንኑ ነገር አደረገ፤ ወጣ፣ ወረደ። «ገመዱ የሳሳ መሆኑን አይቼ ነበር። አጥሩም ደህና ነበር። አጥፍቻለሁ።»

ዋጋዬ መቆፈሪያዋን ተደገፈች። «ማነው የሚለኝ? ሽማግሌው ነው ባለበሬው?»

«እኔ ነኝ።»

የዋጋዬ ፊት ሲለሰልስ ቢሻው አላየም። «እኔስ ይቅር ባልኩ፤ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ግን ያለ ሽማግሌ የተፈጸመ እርቅ አይጸናም። እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የሚሉት? ነገ ሰው መጥቶ ማን አስታረቃችሁ ቢለኝ ምን እላለሁ?»

እውነቷን ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ቢሻው ነው። ድንጋዩን ላስቀምጥ እንዳይል፣ ይቅርታው ሳይሰጥ ድንጋይ ማውረድም በራሱ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ሰው እስኪያልፍ ድረስ ቆመ። ዋጋዬም ሰው እስኪመጣ ብላ ድንቿን መቆፈር ቀጠለች። ሁለት ትልም ጨረሰች።

በሦስተኛው ላይ አንድ ወጣት ነጋዴ ሦስት አህያ በርበሬ ጭኖ ከቡሬ በኩል ብቅ አለ። ውዱ ይባላል። ለቅዳሜው ገበያ ወደ አዲስ ቅዳም ይሄዳል፤ አገውኛ የሚባል አንድ ቃል አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ከድንች ማሳ ውስጥ ቆሞ ሲያይ ደንግጦ አህዮቹን አቆመ።

«ምን ሆነዋል አባቴ?»

«ልጄ፣ እንኳን መጣህ» አለ ቢሻው እያለከለከ። «አሸማግለን።»

«እኔ? እኔ እኮ በርበሬ ነጋዴ ነኝ! ሽማግሌም አይደለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«አይደለም አትበል፤ ድንጋዩ ከብዶኛል። እዚያ ተቀመጥ።»

ውዱ ግራ ገብቶት የድንች ክምሩ አጠገብ ተቀመጠ። «ምን ልበል?»

«ማን አጠፋ በል።»

«ማን አጠፋ?»

«እኔ» አለ ቢሻው።

«እና… ምን አጠፉ?»

«በሬዬ ገብሷን በላ።»

ውዱ ወደ ዋጋዬ ዞረ። «እውነት ነው እናቴ?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ» አለ ውዱ እጁን ዘርግቶ፣ «እሳቸውም አምነዋል፣ እርስዎም አምነዋል። በምኑ ላይ ነው የምሸመግለው?»

ቢሻው ከድንጋዩ ሥር እንደ ምንም ቀና አለና ከዋጋዬ ጋር ተያየ። ሁለት እሑድ፣ አንድ ኮሶ፣ አንድ ቄስና ግማሽ አገር ያልመለሱትን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ዋጋዬ መሳቅ ጀመረች። ከአህያው ጭነት የበርበሬው ብናኝ በነፋሱ መጣና ቢሻው አነጠሰ። ሲያነጥስ ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራቶ ለስላሳው አፈር ላይ ወደቀ። ሦስቱም ድንጋዩን አዩት።

«ወርዷል» አለ ውዱ። «ይህስ ምን ማለት ነው?»

«ይቅር ለእግዜር ማለት ነው» አለች ዋጋዬ።

ካሣውን ቢሻው ራሱ አልተናገረም፤ ውዱን ጠየቀው። ውዱም የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ፣ «በልቶ እንደሆነ ይሥራላት እንጂ፣ በሬ ሌላ ምን ይከፍላል?» አለ። ወይኖና ጓደኛው በታኅሣሥ ሦስት ቀን የዋጋዬን የተረፈ ገብስ በአውድማዋ ላይ አበራዩ። ቢሻውም ከኋላቸው መንሹን ይዞ ዋለ። በጭዱ መሐል ወይኖ አፉ የቻለውን ያህል ጎረሰ፤ ዋጋዬም እያየች ተወችው።

ቢሻው ሽምግልናውን አልተወም። አንድ ነገር ብቻ ለወጠ፦ ጥፋተኛውን በሰው ፊት ማቆሙን ተወ። ከኮሶው ጀርባ ይወስደውና ብቻቸውን ሆነው ቃሏን እስኪናገር ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ጋ ግማሽ ቀን ይቆማል። አዝመራው «ድሮ ቶሎ ይጨርስ ነበር፣ አሁን ሰነፈ» እያለ ያማዋል። አንድ ቀን ግን አዝመራው ራሱ በዚያ በቦዩ ነገር ከኮሶው ጀርባ ከቢሻው ጋር ገባ፤ ማን ለማን ምን እንዳለ አልተሰማም፤ ሲወጡ ግን እያወጉ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክፉኛ የተጎዳው ውዱ ነው። ቢሻውን ከቢሻው ያስታረቀ ሰው ነው ተብሎ ስሙ ወጣ። አዲስ ቅዳም ገበያ በርበሬውን ዘርግቶ ሲቀመጥ አንድ ገዥ ሲመጣ አራት ባለጉዳይ ይከተለዋል። ንብ ከቀፎው ወጥቶ የሰው ዛፍ ላይ የሰፈረበት፣ የሁለት ሰው በግ ተቀላቅሎ የወለደበት ሁሉ ከጆንያዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። «እኔ ነጋዴ ነኝ!» ቢል፣ ትሕትናው ነው እያሉ ይበልጥ አከበሩት። በርበሬው ሳይሸጥ እየተመለሰ ሦስት ገበያ ካለፈ በኋላ ውዱ መላ መታ። በዘንገና በኩል ማለፉን ትቶ፣ ግማሽ ቀን የሚያስረዝመውን መንገድ ይዞ ወደ ግምጃ ቤት ገበያ ዞረ። ከተማዋ መግቢያ ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዎች አንዲት ነፍሰ ጡር ላም በመካከላቸው አቁመው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁት አገኛቸው።